ከጅማ መርካቶ የገዛኋት ባለ መንጋጋ ቴስተር፦ ለምጣድ እመኗት፣ ለፍሪጅ ተጠንቀቁባት

ለቸኮለ ሰው ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ዕቃዋ ርካሽ ናት። ፕላስቲኳ ሲይዟት ይንጣጣል፣ መለኪያ ገመዶቿም ቀጫጭን ናቸው። ቮልትና አምፒር ግን ደህና አድርጋ ትነግራለች። ሁለቱን ካወቃችሁ ዋቱንም ኦሙንም (ዕቃው ለከረንት ያለውን ተቃውሞ) ስልካችሁ ላይ ባለው ካልኩሌተር ታወጡታላችሁ። ቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላለው ሰው ትበቃለች፤ ፍሪጅና ፓምፕ ለሚጠግን ባለሙያ አትበቃም። ዝርዝሩን የሚፈልግ ይቀጥል።

የማወራው ስለ ክላምፕ ሜትር ነው። ያው ቴስተር ነው፣ ልዩነቱ አናቱ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ መንጋጋ አለው። ሽቦው ሳይቆረጥ፣ ሳይላጥ በመንጋጋው መሀል ይገባና የሚያልፍበትን አምፒር ያነባል። በተራው ቴስተር አምፒር ለመለካት ሽቦውን ቆርጦ መሣሪያውን መሀል ማስገባት ግድ ነው፤ አብዛኞቹም ከ10 አምፒር በላይ አይችሉም። ምጣድ ደግሞ 15 እና 16 ይስባል። ስለዚህ ለምጣድ ያለ መንጋጋ አይሆንም። የዕቃዋን ስም አልጠራም፤ ያቺው ራሷ መሣሪያ በተለያየ ስምና ቀለም ስትሸጥ ስላየሁ ስሙ ብዙም አይረዳችሁም።

የገዛሁት መርካቶ ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ከአንዱ ነው። ፈረንጅ አራዳም ጠይቄ ነበር፣ ያገኘሁት ግን መንጋጋ የሌለውን ነው። ዋጋ አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ስለማይሰራ። ሁለት ሦስት ሱቅ ሳትጠይቁ ግን አትክፈሉ፣ ልዩነቱ ጉድ ያሰኛል።

ሱቁን የወደድኩት ሻጩ ልጅ "ሳልሞክር አልገዛም" ስለው ፊቱን ስላላጠቆረብኝ ነው። ውሃ ማፍያውን ሰካና "በል ለካው ወንድሜ" አለኝ። የገረመኝ ደግሞ ለዚሁ ብሎ ያዘጋጃት አጭር ኤክስቴንሽን ነበረችው፤ የውጭ ልባሷ መሀል ላይ ተገፎ ፌዙና ኒውትራሉ ለየብቻ የተለያዩባት። የውስጥ ልባሳቸው እንዳለ ነው፣ ባዶ ሽቦ አይታይም። ይቺ ኤክስቴንሽን የሌለው ሰው መንጋጋ ገዝቶ ጉድ ይሆናል። ምክንያቱም ሙሉውን ገመድ በመንጋጋው ብታስገቡት 0 ነው የሚያነበው። በፌዙ የሚሄደውና በኒውትራሉ የሚመለሰው ከረንት እኩል ስለሆነ፣ አቅጣጫቸውም ተቃራኒ ስለሆነ፣ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። "የማይሰራ ዕቃ ሸጡልኝ" ብለው ሱቅ ድረስ ተመልሰው የሚጨቃጨቁ ደንበኞች አሉ አለኝ ልጁ እየሳቀ። አንዱን ሽቦ ብቻ ነው ማስገባት።

ማፍያው ጀርባ ላይ 220 ቮልት፣ 1800 ዋት ይላል። ሶኬቱን ስለካው 208 ቮልት፣ ሽቦውን ስለካው 7.7 አምፒር። 208 ሲባዛ በ7.7 ወደ 1600 ዋት ነው። አጠገቤ የቆመ ሌላ ደንበኛ ወዲያው "ይኸው፣ 1800 የሚለውን 1600 አለች፣ ውሸታም ናት፣ ተዋት" አለ። ውሸታም አይደለችም። ጀርባው ላይ ያለው 1800 የሚሰራው ቮልቱ 220 ሲሆን ብቻ ነው። 208ን ለ7.7 አካፍሉት፣ 27 ኦም ይመጣል። አሁን 220ን በራሱ አባዙና ለ27 አካፍሉት፤ 1793 ዋት። ማፍያውም እውነቱን ነው፣ መሣሪያዋም እውነቷን ናት፤ የጎደለው ቮልቱ ነው። እዚያው ከፍዬ ወጣሁ።

ስሌቱ እንግዲህ ይኸው ነው፣ ከሃይስኩል ፊዚክስ አያልፍም። ቮልት ሲካፈል ለአምፒር ኦም ይሰጣል፤ ይሄን ጀርመናዊው ጆርጅ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተመው። ቮልት ሲባዛ በአምፒር ዋት ይሰጣል። ሁለቱን ስታቀላቅሏቸው ደግሞ ቮልት በራሱ ተባዝቶ ለኦም ሲካፈል ዋት ይሆናል። ይቺን ሦስተኛዋን ያዙልኝ፣ የማታ እንጀራ ጉዳይ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ወደ ቤት ስገባ መጀመሪያ የለካሁት ምጣዳችንን ነው። ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ ነበራ። ጠዋት ሲጋገር እንጀራው ዓይን በዓይን ሆኖ ይወጣል፤ ማታ በዚያው ሊጥ፣ በዚያው ምጣድ፣ በዚያው እጅ ሲጋገር ዓይኑ ይጠፋና ምጣዱ ላይ ይይዛል። አንዴ አብሲቱ ይታማል፣ አንዴ ጤፉ፣ አንዴ ምጣዱ። "የምጣዱ የውስጥ ሽቦ አርጅቷል፣ ይቀየር" የሚል ባለሙያም አልጠፋም።

ጠዋት ሶኬቱ ላይ 214 ቮልት፣ ሽቦው ላይ 15.3 አምፒር። ዋቱ ወደ 3270። ኦሙ 14። ማታ ሰፈሩ ሁሉ እራት በሚያበስልበት ሰዓት ሶኬቱ 176 ቮልት፣ አምፒሩ 12.6። ዋቱ ወደ 2220። ኦሙስ? 176 ሲካፈል ለ12.6 ያው 14። ሽቦው አላረጀም ማለት ነው። ጠዋትም ማታም ያው ሽቦ ነው። ቮልቱ የወረደው 18 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው፤ ኃይሉ ግን አንድ ሦስተኛው ሄዷል። ሰው የማይገባው እዚህ ላይ ነው። ቮልት ሲወርድ አምፒሩም አብሮ ስለሚወርድ ኪሳራው እጥፍ ነው፤ በራሱ ይባዛል ያልኳችሁ ለዚህ ነው። 2220 ዋት የደረሰው ምጣድ ይሞቃል እንጂ አይሰማም። አክንባሎው ስር በቂ እንፋሎት ሳይፈጠር ሊጡ ይደርቃል። ዓይኑን ከየት ያምጣው?

ከዚያ ወዲህ ማታ መጋገር ቀርቷል። በቃ። ባለሙያ አልተጠራም፣ ሽቦ አልተቀየረም። ለእኔ የመሣሪያዋ ዋጋ እዚያው ተመልሷል።

ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ ጥያቄ አለ። "ጊቤ እዚሁ አፍንጫችን ስር እያለ እንዴት ነው ለኛ ቮልት የሚያንሰው?" እውነት ነው፣ ግልገል ጊቤ አንድ ከነ184 ሜጋዋቱ እዚሁ ጅማ ዞን ውስጥ ነው። ግን ለቤታችሁ ቮልት ወሳኙ የግድቡ ርቀት አይደለም፣ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ርቀት ነው። ያንን ምጣዳችንን (በ220 ቮልት 3500 ዋት ገደማ ነው) በ15 ሺህ ቮልት መስመር ላይ አስቡት፤ 3500 ሲካፈል ለ15,000 ሩብ አምፒር እንኳን አይሞላም። በ220 ቮልት ግን 16 አምፒር ነው። በሽቦ ላይ የሚባክነው ቮልት አምፒር ሲባዛ በሽቦው ኦም ስለሆነ፣ በረጅሙ ከፍተኛ መስመር ላይ የሚጠፋው ትንሽ ነው። ብዙው የሚጠፋው ከትራንስፎርመሩ ወዲህ፣ ከምሰሶ ምሰሶ እየተንጠለጠለ እናንተ ቤት በሚደርሰው ዝቅተኛ መስመር ላይ ነው። የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለ ቤት፣ ከፊቱ ያሉት ቤቶች ሁሉ ምጣድ ሲሰኩ የሚተርፈውን ነው የሚያገኘው።

አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ከውጭ መስመር አይደለም፣ ከራስ ግቢ ነው። ይሄን ያየሁት ጎረቤታችን እማማ ቤት ነው። ማድ ቤታቸው ከዋናው ቤት ጀርባ ነው፤ ከብሬከሩ እስከዚያ 20 ሜትር ያህል ሽቦ ተስቧል። "የኔ ልጅ፣ ያችን ነገርህን ይዘህ ና እስቲ፣ ምጣዱ ጠዋትም አልሰማ ብሎኛል" አሉኝ። ሄድኩ። ምጣዱ እንደተሰካ ብሬከሩ ጋ 210 ቮልት። ምጣዱ ሽቦ መግቢያ ላይ 199። አስራ አንዱ ቮልት መንገድ ላይ ቀልጧል! አምፒሩ 14.2 ነው። 11 ሲባዛ በ14.2፣ 156 ዋት ማለት ነው። ይሄ ሁሉ ሙቀት ምጣዱ ጋ ሳይሆን ግድግዳ ውስጥና ሶኬት ውስጥ ነው ያለው።

ቁራጭ በቁራጭ ለየሁት። ሰባቱ ቮልት ሽቦው ላይ ነው፤ 7 ሲካፈል ለ14.2 ግማሽ ኦም ገደማ። ሽቦው ባለ 1.5 ነበር፣ ውፍረቱ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ማለት ነው። የ1.5 መዳብ በኪሎ ሜትር 12 ኦም ገደማ አለው፣ 20 ሜትር ደርሶ መልስ 40 ሜትር ስለሆነ ግማሽ ኦም መምጣቱ ልክ ነው። ባለ 1.5 ሽቦ ለአምፖል ነው እንጂ ለምጣድ ማን ይዘረጋል? ዘርጊው ግን ዘርግቷል። የቀሩት አራቱ ቮልት ደግሞ ስፒናውና ሶኬቱ የሚነካኩበት ቦታ ላይ ናቸው። 4 ሲባዛ በ14.2 ወደ 57 ዋት። ባለ 60 ዋት አምፖል ለኩሶ ሶኬቱ ሆድ ውስጥ መቆለፍ በሉት። ስፒናውን ነቅለን ስናየው አንዱ እግሩ ጠቁሯል፣ ዙሪያው ያለው ፕላስቲክ ወደ ቡኒ ሄዶ ፊቱ ተኮማትሯል፤ ሶኬቱም ውስጥ ያለችው መያዣ ላልታ ስፒናውን አትጨብጠውም። እማማ "እኔ ሽታው የሊጥ መስሎኝ!" አሉ።

ሽቦው በባለ 4 ተቀየረ፣ ሶኬቱና ስፒናውም አዲስ ሆኑ። ቅየራውን የሰራው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ እኔ አልነካሁም፣ እናንተም አትንኩ። ከዚያ ስንለካ ብሬከሩ ጋ ያው 210፣ ምጣዱ ጋ 207፣ አምፒሩ 14.8። ከ2830 ዋት ወደ 3060 ዋት ገደማ ከፍ አለ። ሽታውም ጠፋ።

ቁጥሯን እንዴት አመንካት ለሚለኝ፦ ከካርድ ቆጣሪው ጋር አስተያየኋት። ቆጣሪ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች አይደል? አጠገቧ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል። የኛ 1000 ይላል፣ የናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ነቅላችሁ ምጣዱን ብቻ ተዉ። 3270 ዋት ከሆነ በደቂቃ ሃምሳ አራት ሃምሳ አምስት ጊዜ ብልጭ ማለት አለባት። አለች። ለዚህ ዋጋ ከዚህ በላይ ምን ትሁን? ይሄንን ዘዴ ቴስተር የሌለውም ሰው ሊጠቀምበት ይችላል፤ የአንድ ደቂቃውን ብልጭታ በ60 አባዝቶ ቆጣሪው ላይ ለተጻፈው ቁጥር (ለኛው 1000) ማካፈል ነው፣ ኪሎዋቱን ይሰጣችኋል። የሚቀረው ቮልትና አምፒሩ ለየብቻ ስንት እንደሆነ ነው፤ እሱን ቆጣሪው ብልጭታ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ እንከኖቿ።

የኦም መለኪያዋ ለትንሽ ነገር አያስተማምንም። ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ ስታነኳቸው 0 ማለት ሲገባት 0.4 ትላለች፤ የገመዶቿ የራሳቸው ኦም ነው። ስለዚህ ከምታነበው ላይ 0.4 መቀነስ አለባችሁ። የተነቀለ ቀዝቃዛ ምጣድ ስለካ 13.9 አለች፣ ተቀንሶ 13.5። በሥራ ላይ ግን 14 ነበር። ይሄኛው የሷ ጥፋት አይደለም፣ የምጣድ ሽቦ ሲግል ኦሙ ጥቂት ስለሚጨምር ነው። የድሮው ክር ያለው አምፖል ደግሞ ባሰበት። ባለ 60 ዋቱን ቀዝቃዛውን ስለካው ወደ 60 ኦም ነው። በስሌት 220 በራሱ ተባዝቶ ለ60 ሲካፈል ከ800 ኦም በላይ መሆን ነበረበት። ክሩ ሲግል ከአስር እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ ኦም ማወቅ ከፈለጋችሁ ዕቃው እየሰራ ቮልቱንና አምፒሩን ለኩና አካፍሉ፤ የኦም ቁልፏን ሽቦ መበጠስ አለመበጠሱን ለማየት ተጠቀሙባት። ኦም ላይ አድርጋችሁ የተሰካ ነገር እንዳትነኩ ግን። ዕቃዋን ታቃጥሏታላችሁ፣ እናንተም አትተርፉ ይሆናል።

ፍሪጅ ላይ ደግሞ ቁጥሮቹ ልክ ሆነው ስሌቱ ነው የሚያሳስተው። የኛ ፍሪጅ ጀርባው ላይ 120 ዋት ይላል። 210 ቮልት፣ 0.9 አምፒር አነበበች። ሲባዛ 189። ጎረቤት ሰምቶ "ፍሪጅህ ካርድ እየበላብህ ነው" አለኝ። አይደለም። ሞተር ያለበት ዕቃ ላይ ቮልቱና አምፒሩ እኩል አይራመዱም፣ አንዱ ከሌላው ይዘገያል፤ ፓወር ፋክተር የሚባለው እሱ ነው። ቆጣሪው የሚቆጥረው እውነተኛውን ዋት ነው፣ እሱም ከብዜቱ ያንሳል። ማራገቢያ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የቡና መፍጫ ሁሉ እንዲሁ ነው። ቴሌቪዥንና ቻርጀርም በሌላ ምክንያት ያሳስቷታል፤ ከረንታቸው የተቆራረጠ ቅርጽ ስላለው ርካሽ መሣሪያ በትክክል አያነበውም። ማባዛቱ ሳያሳስት የሚሰራው ለምጣድ፣ ለስቶቭ፣ ለማፍያ፣ ለካውያና ለክር አምፖል ነው፤ ማለትም ሥራቸው መሞቅ ብቻ ለሆነ።

ትንሽ አምፒርም አይሆንላትም። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ላይ አንዴ 0.0፣ አንዴ 0.1 እያለች ታሾፋለች። አንድ ዘዴ አለ፦ የተለየውን ሽቦ መንጋጋው ውስጥ አስር ጊዜ ጠምጥሙትና ያነበበችውን ለ10 አካፍሉ። ለትንሽ ካውያ ወይም ለአምፖል ደህና ቁጥር ይሰጣል።

ባትሪዋ ሲደክም ደግሞ ዝም ብላ አትጠፋም፣ የተሳሳተ ቁጥር እያወጣች ትቀጥላለች። የባትሪ ምልክቷን ስታዩ ወዲያው ቀይሩ። ጀርባዋ ላይ "ካት ሦስት 600 ቮልት" የሚል ታትሟል፣ የሕንፃ ማከፋፈያ ሳጥን ላይ እስከ 600 ቮልት ያለ አደጋ ትለካለች ማለት ነው፤ በዚያ ውፍረት ገመድ እኔ አላምነውም። ቤት ውስጥ ሶኬት ላይ እንጂ የሰፈር መስመርና ትልቅ ሳጥን ላይ አልሞክራትም። ጽሑፏም ማታ ማድ ቤት ውስጥ አይታይም፣ የጀርባ መብራት የላትም። በዝናባችን የመብራቱን ነገር ታውቁታላችሁ፤ መብራት ያለው ሞዴል ከተገኘ ጨምራችሁ ግዙ።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሌሎች አማራጮች ነበሩ። አንዱ መያዣው ውስጥ መብራት ያለው ካቻቢቴ ነው፤ ፌዝ አለ የለም ከማለት ሌላ የሚያውቀው የለም፣ 176 ይሁን 214 ለሱ አንድ ነው። ሁለተኛው ሶኬት ላይ ተሰክቶ ዋቱን፣ ቮልቱንና የተበላውን ኪሎዋት ሰዓት በራሱ የሚያሳየው ነው። እውነቱን ለመናገር ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን ከኔዋ እጅግ ይሻላል፣ ፓወር ፋክተሩንም ያሳያል። ልኩ ግን 16 አምፒር ነው፤ ምጣድን አንድ ሰዓት ሙሉ በሱ በኩል ማሳለፍ ጫፍ ላይ መጫወት ነው። የእማማን ስፒና ካየሁ በኋላ እኔ አላደርገውም።

ሻጩ ልጅ ስወጣ ስታቢላይዘርም (ቮልት ማስተካከያ) ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር፣ "ማታ ማታ ቮልቱን ያነሳልሃል" ብሎ። ባለ 1000 ቪኤ ስታቢላይዘር፣ ለምጣድ ቢሆን ከ1000 ዋት የማያልፍ፣ ለ3500 ዋት ምጣድ! ይሄን ምክር ብቻ አልወደድኩለትም። የሚችል ትልቅ ቢገኝ እንኳን ነገሩ ነጻ አይደለም። በ176 ቮልት ላይ ያንኑ 3270 ዋት ለማግኘት ከመስመሩ 18.6 አምፒር መሳብ አለበት፣ የራሱን ብክነት ሳንቆጥር። መስመሩ ደግሞ የወረደው አምፒር በዝቶበት ነው፤ እናንተ ስትጨምሩ ጫፍ ላይ ያለው ጎረቤት ይወርዳል።

መግዛት ለምትፈልጉ፦ መርካቶ ስትሄዱ የምጣዳችሁን ወይም የማፍያችሁን ጀርባ ጽሑፍ በስልክ አንስታችሁ ሂዱ። ሱቅ ውስጥ የሚሞቅ ነገር አሰክታችሁ ቮልትና አምፒሩን ለኩ፣ አካፍላችሁ ኦሙን አውጡ፣ ከዚያ 220 በራሱ ተባዝቶ ለዚያ ኦም ሲካፈል ጀርባው ላይ ካለው ዋት ጋር ይቀራረብ እንደሆነ እዩ። ከአስር በመቶ በላይ ከተራራቀ ሌላ ፍሬ አስመጡ። መንጋጋዋን ደጋግማችሁ ክፈቱ ዝጉ፣ ሁለቱ ከንፈሮች ገጥመው ካልተዘጉ አምፒሩ ያንሳል። የተለየ ሽቦ ያለባትን አጭር ኤክስቴንሽንም እዚያው በባለ 2.5 ሽቦ አሰሩ፤ የኔን ልጁ የሰራልኝ ሂሳብ ሳይጨምር ነው።